የአባዬ ቢጫ ጉልበት

ሰኞ፣ ዝናቡ የገባ ሰሞን

አባዬ ዛሬ ደረጃው መሀል ላይ ቆሞ ቀረ። እርጥብ አንሶላ ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳይል። «ምን እየጠበቅህ ነው?» አልኩት። «አሳንሰር» አለኝ።

የዚህ ቤት አሳንሰር እኔ ነኝ። አንሶላውን ተቀብዬ ወጣሁ፣ ጣሪያው ላይ ካለው የቆርቆሮ መጠለያ ስር አሰጣሁ፣ ስመለስ እዚያው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እንደ ሊጥ ሲያሸው አገኘሁት። ሲያየኝ እጁን አነሳ። እንደ ሌባ።

ማን እንደሆንን ልጻፍ፤ አንድ ቀን ይህን ደብተር አይጥ ሲያነበው ግራ እንዳይገባው። ላውንደሪ ነን። ታች ማጠቢያና መተኮሻ፣ ከኋላ መኝታችን፣ ላይ ማስጫ። እኔ አጥባለሁ፣ አባዬ ይተኩሳል፣ እናቴ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ሆና ትቆጣጠራለች። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩ፤ እኔና ሂሳብ በስምምነት ተፋታን። የምንኖረው ማዶ ባለው ሆቴል አንሶላ ነው። ሆቴሉ ከሄደብን የቀረው የሰፈር ሸሚዝ ሳሙና እንኳ አይገዛም።

ማታ አክስቴ ደወለች። የአባዬ ታላቅ እህት ናት፤ እኔ በሆዴ ጄኔራሏ ነው የምላት። ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አድርጌው ነበር፣ ለነገር።

«ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ» አለች። «ቆሞ መተኮስ ካቃተው ሱቁ ይዘጋል። እሱም እኔ ጋ ይመጣል። አንቺም እኔው ጋ ሆነሽ ትምህርትሽን ትጨርሻለሽ።»

አባዬ ያልጋለውን ካውያ አንስቶ ያልረጠበ ሸሚዝ ላይ አሄደው።

አባዬ ካውያውን ለቅቆ እሷ ሳሎን ውስጥ ከተቀመጠ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ሰው መሆኑ ይቀርና ሶፋ ይሆናል። እንግዲህ ጉልበቱ መዳን አለበት። ይድናልም። ዝናቡ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ አለ።

ረቡዕ

መፍትሔው ተገኘ። እርድ። እዚሁ ማድ ቤት፣ ከቁንዶ በርበሬው ጎን ተቀምጦ ዝም ብሎ ሲያየን ኖሯል።

ስልኬ ላይ ነው ያነበብኩት። መገጣጠሚያውን የሚያመው ሰው እርድ በወተት ይጠጣ፤ ቁንዶ በርበሬ ጣል ቢያደርግበት የእርዱን ኃይል እጥፍ ድርብ ያደርገዋል፤ ከውጭ ደግሞ በዘይት ለውሶ ይቀባ፣ ይላል። ጽሑፉ ረጅም ነበር። መጨረሻው ላይ በደቃቁ የተጻፈ ነገር ነበረው። ደቃቅ ጽሑፍ ለጠበቃ ነው ብዬ ተውኩት።

ጫማ ሰፊውንም አማከርኩ። ደጃችን ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ወገቡን ያመዋል፣ የማያውቀው ነገር ደግሞ የለም።

«እርድ?» አለኝ ክሩን ከጥርሱ ሳይለቅ። «አያቴ መቶ ዓመት የኖረችው በእርድ ነው።»

«በምን ሞተች?»

«በእርጅና ነዋ። ለእርጅና አይሠራም።»

በቃ። ሳይንሱም ልምዱም ተስማሙ። አባዬ ብቻ ቀረ።

«ልታክሚኝ ነው ልትቀቅይኝ?» አለ ኩባያውን እያየ።

«ጠጣ እንጂ። ወርቅ ነው በለው።»

«ወርቅ ቢሆን እሸጠው ነበር።» ጠጣው። ፊቱ ከሳፋ እንደወጣ ሸሚዝ ተጨማደደ። «ጉልበቴን ባያድነው እንኳ ምላሴን ገድሎታል።»

የማታ ክኒኑንም በእርዱ ወተት እንዲውጣት አደረግሁ። አምና እግሩ ላይ ደም ከረጋበት ጀምሮ አንድም ማታ ሳያጓድል የሚውጣት ትንሽ ክኒን አለችው። አንድ ጉንጭ ለሁለት ሥራ። እኔን ሐኪም ያላደረገኝ ሂሳብ ብቻ ነው።

ሐሙስ

ጠጣ። ቀባሁት። ጉልበቱ እንደ ትራፊክ መብራት ቢጫ ሆኗል። «ቢጫ ማለት ተዘጋጅ ማለት ነው፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ነው» አልኩት። የሆቴሉ ጭነት መጣ። ቀሪውን ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

ቅዳሜ

ዛሬ ነፍሴ ወጥታ ተመለሰች። ጉልበቱ የታሰረበትን ጨርቅ ሶዳ ያለበት ሳፋ ውስጥ ጣልኩትና ዞር አልኩ። ስመለስ ውሃው ደም መስሏል። ጮህኩ መሰለኝ፤ አባዬ ግድግዳውን ተደግፎ በአንድ እግሩ እየዘለለ መጣ። ሳፋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ በሳቅ ተንከተከተ።

«እርድ ሶዳ ሲነካው ይቀላል። ሳሙናም ቢነካው ያው ነው። ይህን ሳታውቂ ነው አጣቢ ነኝ የምትይው?»

«በምን ይለቃል ታዲያ?»

«ቀዝቃዛ ውሃ ብትይ፣ ፍትጊያ ብትይ ሙጭጭ ነው። ፀሐይ ብቻ ናት የምትበላው።» ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ዝናቡ ይወርዳል። «ስለዚህ ከሆቴሉ ነጭ ጋር እንዳትቀላቅዪው። አለበለዚያ ጉልበቴን በቢጫ አንሶላ ነው የምትቀብሪው።»

እውቀት ማለት ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ጫማ ሰፊውን ጠርቼ እርድ የነካ ጣቴን ሳሙና ውስጥ ነክሬ አወጣሁለት። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «ምን ነካሽ ልጄ?» እያለ መሐረቡን ሊያስርልኝ መጣ። ከዚያ ሲገባው በያዘው ጫማ ወረወረኝ። ሳተኝ። የደንበኛ ጫማ ነበር።

ሰኞ

እርዱ እየሠራ ነው። አባዬ ዛሬ ከአልጋው ሲነሳ አላቃሰተም።

ደረጃውን አሁን እኔ ብቻ ነኝ የምወጣው፤ ለስፖርት። ባልዲውንም እኔ ነኝ የማነሳው፤ ክንዴ ቅርጽ እንዲይዝ። ካውያው ጋ በሚቆምበት ሲሚንቶ ላይ ያረጀ ፍራሽ ቆርጬ አነጠፍኩለት፣ «ምንጣፍ ለንጉሥ» ብዬ፤ ለቀልድ ነው። ይህ ሁሉ ከእርዱ ጋር አይገናኝም። የጻፍኩት ቀኑ ስለረዘመ ነው።

ዓርብ

የመድኃኒት ቤቱ ልጅ ጋወኑን ሊወስድ መጣ። ስሙን አውቀዋለሁ፣ ግን መነጽሩ ነው የምለው። ጋወኑን ሳጥብ ስታርች ትንሽ በዝቶብኝ ነበር። አስቤበት ነው የበዛብኝ። ወለሉ ላይ ብተወው ለብቻው ይቆማል።

«ጋወኔ ምን ሆኗል?»

«ቆሞ ባለቤቱን እየጠበቀ ነው።»

ለበሰው። እጁ አልታጠፍ አለ። «ጎንበስ ማለት አልችልም እኮ።»

«ፋርማሲስት ምን ያጎነብሰዋል። በሽታው ይጎንበስለት እንጂ።»

ሳቀ። ሲስቅ ጉንጩ ስርጉድ ይላል። ይህ ለአባዬ ሕክምና ስለማይጠቅም ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ከዚያ ቢጫ ጣቴን አይቶ ጠየቀኝ። ሁሉንም ነገርኩት፣ በኩራት። ሳቁን አቆመ።

«አባትሽን ይዘሽው ብቅ በይ» አለ። «ዛሬ ባይሆን ነገ።»

«ገበያ ጠፋ እንዴ?»

«ቀልዴን አይደለም።»

«እኔ ደግሞ ቀልዴን ነው። ተመጣጠንን።»

እጁን እንደ አሻንጉሊት ገትሮ ወጣ። እርዱን ከእሱ ስላልገዛሁ ከፍቶት ነው። መድኃኒት ሻጭ ማድ ቤት ያለ ነገር ሰው ሲያድን ምን ያስደስተዋል?

እሑድ ማታ

አክስቴ ደወለች። «ጉልበቱስ?»

«እየጨፈረ ነው።»

«ቆሞ ሲተኩስ በዓይኔ ሳላይ አላምንም። ሳምንት ዝናቡ ጋብ ካለ ተነሥቼ እመጣለሁ።»

«እየጨፈረ ነው» ያልኩት ዓይን ያወጣ ውሸት አይደለም። ዓይኑን የጨፈነ ውሸት ነው፤ ሲነቃ እውነት ይሆናል። አባዬ እኮ እየተሻለው ነው። ትናንት ከመተኮሻው እስከ በሩ ግድግዳ ሳይዝ ሄዷል። እርግጥ ነው በሩ ላይ ሲደርስ ዝናቡን የሚያይ መስሎ ብዙ ቆየ።

ጄኔራሏ ቶሎ ከመጣች እርዱም መቻኮል አለበት። ማንኪያውን ቀየርኩ። የሻይ ማንኪያው ወጣ፣ የሾርባው ገባ። ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ። ቁንዶ በርበሬውንም አልሰሰትኩም።

ማክሰኞ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ዛሬ ጣሪያ ላይ ሆኜ አባዬና ጫማ ሰፊው ደጅ ሲያወሩ ሰማሁ።

«እውነት ይሻልሃል?» ይላል ጫማ ሰፊው። «እኔስ ስንት ጊዜ ጠጥቼው ወገቤ ያው ነው።»

«ልጅቷ ደስ እንዲላት ነው የምጠጣው» አለ አባዬ። «እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ስትሯሯጥ አይቻት አላውቅም። ምን ልበላት?»

ጫማ ሰፊው ምን እንዳለ አልሰማሁም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው።

አባዬ ያለው ቢመርም ይጠቅማል ማለት ነው። አነጋገሩ እንደዚህ ነው፣ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። አልከፋኝም። አንሶላውን ሁለቴ አጥቤው ነበር፣ ሦስተኛም አጠብኩት።

ሐሙስ

ክንዱ ላይ የበለዘ ነገር አየሁ፣ የሰሌዳ ካርታ የሚያህል። «ምንድነው?» ስለው «ጠረጴዛው መታኝ» አለ። «ጠረጴዛው ካርታ መሳል ጀምሯል? አንድ ክፍለ ዓለም አለህ እኮ» አልኩት። እጅጌውን ወደ ታች ሳበው።

የትራስ ልብሱም ላይ ቀይ ነጠብጣብ ነበር። ያሳበቀበት እርዱ ነው፤ አፉን ሳይጠርግ ተኝቶ፣ ሶዳው በደንብ ያልወጣለት የትራስ ልብስ ላይ አንጠባጥቦ። የማለቅለቁ ጥፋት የእኔ ነው። ነገ ሦስቴ አለቀልቃለሁ።

ቅዳሜ

መሐረቡም ቀልቷል። ኪሱ ውስጥ እንደ ቡሽ ተጠቅልሎ አገኘሁት። «አፍህን በመሐረብ ነው እንዴ የምትጠርገው እንደ ሚኒስትር?» አልኩት። «አዎ» አለኝ፣ ቶሎ። ጥርሱንም ሲቦርሽ በሩን መዝጋት ጀምሯል።

ግን እኔ አጣቢ ሆኛለሁ፣ ይህን ልጻፍ። መሐረቡን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ትንሽ አሸሁት፣ ፍጹም ነጭ ሆኖ ወጣ። ሳሙና እንኳ አልነካሁም። አባዬ እርድ አይለቅም ያለው እሱ እጅ ላይ ይሆናል። እኔ እጅ ላይ ለቀቀ። ላሳየው ስሄድ ተኝቶ ነበር፤ በቀን። በቀን አይተኛም ነበር። ክረምት ነው፣ ያስተኛል።

ሰኞ

ይህን የምጽፈው ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ነው። ወንበሩ ብረት ነው። በሥርዓት ልጻፍ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። የሆቴሉ ትልቅ ናፕኪን ላይ የእርድ ጣት አረፈበት፣ የራሴ ጣት። አልደነገጥኩም፤ ቀዝቃዛ ውሃ አለኝ፣ እጅ አለኝ። ነከርኩት። አሸሁት። ቢጫው አፈጠጠብኝ። ውሃ ቀየርኩ። አሸሁት። ያው ቢጫ። በንዴት ሳሙና ብቀባው ቀላ፤ ቀልቶም አልለቀቀ።

ከዚያ እጄ ውሃው ውስጥ ቆመ።

በቀዝቃዛ ውሃ የሚለቅ ቀይ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ማንም አጣቢ ያውቃል። እኔም አውቀዋለሁ፤ አባዬ ካስተማረኝ የመጀመሪያው ነገር ነው። ደም ሙቅ ውሃ ካልነካው ይለቃል። መሐረቡ ለቀቀ። የትራሱ ልብስም ለቅቆ ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

ሮጬ ወደ መኝታው ገባሁ። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ አፍንጫውን በፎጣ ይዟል። ፎጣው የሆቴሉ ነው፣ ነጩ ጠፍቷል።

«ይሄ እርድ ነው?» አልኩት።

ፎጣውን ወደ ውስጥ አጠፈው።

«አባዬ፣ እርድ ነው?»

«ዛሬ ብቻ ነው አልቆም ያለው» አለ።

ከጀርባዬ ጫማ ሰፊው ገብቶ ኖሯል። እሱ አባዬን ደገፈ፣ እኔ መነጽሩ ጋ ሮጥኩ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም። መነጽሩ አባዬ ማታ ማታ ስለሚውጣት ክኒን ጠየቀኝ፣ ሣጥኗን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት፣ አነበበና ሱቁን እንዳለ ትቶ ታክሲ አስቆመ።

በኋላ

ሐኪሟ ጠራችኝ። ወጣት ናት፣ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም፣ የባሰ ነው።

«የሚውጣት ክኒን ደም ማቅጠኛ ናት» አለችኝ። «ምግብ ላይ ጣል የምታደርጉትን እርድ አይደለም የምለው። በዚህ ልክ በየቀኑ ሲወሰድ ግን ከክኒኗ ጋር ተደርቦ መድማትን ሊያብስ ይችላል። የአባትሽ ደም ከሚገባው በላይ ቀጥኗል። መርፌ ሰጥተነዋል፣ እዚህ ያድራል፣ እናየዋለን። ደህና ይሆናል ብዬ አስባለሁ።»

«ብዬ አስባለሁ» የሚለውን ባትጨምረው ምን ነበረበት።

ስልኬን አውጥቼ ያን ጽሑፍ ፈለግሁ። ደቃቁን አነበብኩት። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር እንዳይወስድ ይላል። አጭር ነው። ከናፕኪን ጠርዝ ያጥራል። ስምንተኛ ክፍል ያልደረሰም ያነበዋል።

መነጽሩ አጠገቤ ተቀምጧል። ጋወኑ አሁንም ስታርች አለው፣ ሲቀመጥ ይንኮሻኮሻል። አንድም ጊዜ «ነግሬሽ ነበር» አላለም። ቢለኝ ደስ ይለኝ ነበር፣ መልስ ነበረኝ።

ማክሰኞ

አባዬ ደህና አደረ። ደሙ ቆሟል። ወደ ቤት እንዲወጣ ግን አልፈቀዱም።

«ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ምን ብዬ?»

«እየደማሁ ነው ብለህ ነዋ። አማርኛ ጠፋህ?»

«ማንኪያውን ይዘሽ ስትመጪ እየዘፈንሽ ነበር» አለ። «እሱን ነው የጠጣሁት።»

እሱ ለእኔ ብሎ ደበቀ፣ እኔ ለእሱ ብዬ አላየሁም። ሁለታችንም ጎበዞች ነን፤ አንድ ላይ ሞኝ ነን።

የሆቴሉ አንሶላ ለዛሬ ማታ መድረስ አለበት። አልደረሰም ማለት አክስቴ ትክክል ናት ማለት ነው። ካውያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን አነሳሁት። ከባድ ነው፤ አባዬ እጅ ላይ ሳየው ቢላዋ የሚያክል ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያውን የትራስ ልብስ አቃጠልኩት፣ የካውያውን አፍንጫ ፎቶ አንስቶልኛል። አባዬ ሐኪም ቤት አልጋው ላይ እንዳለ ደወልኩለት።

«አትጫኚው» አለኝ። «ክብደቱን እሱ ራሱ ያውቃል። አንቺ መንገዱን ብቻ አሳዪው። ውሃ ርጪ። ከመሀል ወደ ዳር። ምን ይሰማል?»

«ሽሽሽ ይላል።»

«ጥሩ። ዝም ሲል ደርቋል ማለት ነው። ቀጥዪ።»

እንዲህ እያልን፣ እሱ እያዳመጠ እኔ እየተኮስኩ፣ ክምሩ አለቀ። ነርሷ ስልኩን ቀማችው መሰለኝ፣ መጨረሻ ላይ የሴት ድምፅ «አባባ፣ ልብስ መተኮስ እዚህ ክልክል ነው» ሲል ሰማሁ።

ሆቴሉ ተቀብሏል። አንዱ ተመልሷል። የታወቀው ነው፣ ፎቶው ያለበት።

ዓርብ

አባዬ ተመለሰ። ክኒኗ ልኳ ተስተካክሎለታል፤ በቀጠሮ እየሄደ ደሙ ይታያል። ስለ ጉልበቱም ሐኪሟ ነግራናለች። ደረጃ አይወጣም፣ ሲሚንቶ ላይ አይቆምም፣ ተኝቶ እግሩን ወደ ላይ እያነሳ የጭኑን ሥጋ ያጠነክራል። ጉልበቱ ያለቀ ነገር አለው፤ ማንም ቢሆን አዲስ አያደርገውም፣ ግን ሊኖርበት ይችላል።

እርዱን ካቆመ ወዲህ ጉልበቱ አልባሰበትም። ይህን ደጋግሜ አሰብኩ። እርዱ አይደለም እንግዲህ ያሻለው፤ ደረጃውን መተዉ ነው፣ ያችም የፍራሽ ቁራጭ። ሞያው የእኔ ኖሯል፣ ስሙን ግን ለማድ ቤት ዱቄት ሰጥቼው ከረምኩ። የሠራችውን የማታውቅ ሐኪም እኔ ብቻ ነኝ።

«ታዲያ ቁጭ ብለህ ተኩስ» አልኩት።

«ቁጭ ብሎ የሚተኩስ የገዛ ጭኑን ይተኩሳል» አለ። «ተኳሽ ቆሞ ነው።»

«ቆሞ ነው እንግዲህ፣ አክስቴ መጥታ ቆመህ እስክትወስድህ።»

ዝናቡ ዛሬ ዝም ብሏል። ደስ አላለኝም።

እሑድ

አክስቴ ነገ ትመጣለች። ዘዴ አለኝ። ከጫማ ሰፊው ረጅም ዱካ ወንበር ተዋስኩ። መተኮሻው ጠረጴዛ ኋላ ይቆማል፣ ከፊት አንሶላ እስከ መሬት ይወርዳል። አባዬ ወንበሩ ላይ አረፍ ብሎ ሲተኩስ ከፊት ለሚያየው ቆሟል ማለት ነው። ሞከርነው። አንድ ጣት እንኳ አይታወቅም።

«ኃጢአት ነው» አለ አባዬ።

«መጋረጃ ነው» አልኩት።

እየሳቀ ነበር። አልተቃወመም።

ሰኞ ማታ

አክስቴ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። ሁለት ሻንጣ፤ አንዱ ባዶ ነው፣ ለአባዬ ልብስ ያመጣችው። ባዶነቱ በአያያዟ ያስታውቃል።

አባዬ ከአንሶላው ኋላ እንደ አዲስ ተጋቢ ቀጥ ብሎ ይተኩሳል። እንፋሎቱ ይወጣል። እኔ ከጎን ሆኜ ላብ ላብ ይለኛል።

«እንዴት ነህ?» አለችው።

«እንደምታዪኝ ነኝ እትዬ።»

«ቆመሃል።»

አባዬ ካውያውን ወደ ዳር ገፋው።

«ሐኪም ቤት ተኝቶ ነበር ሲሉኝ አላመንኩም እንግዲህ።» የነገራት ማን እንደሆነ ገመትኩ፤ አፉ ውስጥ ክር ያለበት ነው። እሷ እጇን ዘረጋች። «ና እስቲ ሳመኝ፤ ከመጣሁ ጀምሮ በጠረጴዛ ነው የምታናግረኝ።»

እኔ ቶሎ መሀል ገባሁ። «ካውያው ግሏል አክስቴ፣ አሁን ቢለቀው አንሶላውን ያቃጥለዋል፤ እኔ ልሳምልሽ?»

አባዬ ካውያውን አቆመ። ቀስ ብሎ አንሶላውን ከጠረጴዛው ላይ ሳበው። ወንበሩ ታየ፣ እግሮቹ ታዩ።

«አልቆምኩም» አለ። «አልችልምም። ጉልበቴ አልዳነም፣ አይድንምም።»

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። ልትፈነዳ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«እሷን አትቆጪ» አለ አባዬ። «የማይድን ነገር አድናለሁ ብላ ነው። አሳስታለሁ ብላ አይደለም። እኔ ነኝ እያወቅሁ ዝም ያልኩት። ደረጃውን የምትወጣው እሷ ናት። ባልዲውን የምታነሳው እሷ ናት። ተኝቼ ሳለሁ የሆቴሉን አንሶላ ብቻዋን ተኩሳ አስረክባለች። እኔ ከአሁን በኋላ ቁጭ ብዬ ሸሚዝና አንገትጌ እሠራለሁ። ቆሞ የሚሠራውን እሷ ትሠራዋለች። ሱቁ ካልተዘጋ ማለቴ ነው።»

እኔ የሳበውን አንሶላ ከመሬት አነሳሁ።

አክስቴ ቦርሳዋን አስቀመጠች። «ተኩሺ» አለችኝ።

«አሁን?»

«ለገና ነው እንዴ? አሁን እንጂ።»

ተኮስኩ። ካውያው ክብደቱን ያውቃል፣ መንገዱን ብቻ አሳየሁት። ከመሀል ወደ ዳር። ሽሽሽ አለ፣ ከዚያ ዝም አለ። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያዳምጠው። አክስቴ ጎንበስ ብላ መረመረችው፣ በጥፍሯ እንኳ ነካችው።

«አጣጠፉ?»

«ለብቻዬ ነው የማጥፈው፣ ጠረጴዛ ላይ። ትንሽ ይጣመማል።»

«ትንሽ አይደለም የሚጣመመው። ይሄ ያበደ አንሶላ ነው።» ሁለቱን ጫፍ ያዘች። «ያዢ ከዚያ። ወጥሪ። አንሶላ ለሁለት ሰው ነው የሚታጠፈው፣ ማን አስተማረሽ?»

«እሱ» አልኳት ወደ አባዬ እያመለከትኩ።

«ካውያ ይችል ይሆናል። ማጠፍ የቻለበትን ቀን አላውቅም።»

ወጠርን። አጠፍን። ወደ እኔ መጣች፣ ጫፉን ሰጠችኝ፣ ወደ ኋላ ሄደች፣ ደግማ መጣች። ሦስተኛው ላይ አፍንጫ ለአፍንጫ ተገናኘን። ዓይኗ እርጥብ ነበር፤ እንፋሎት ነው ልትል እንደሆነ ቀድሜ አውቄ ዝም አልኩ። በዚህ ሰሞን ቀይ ያየሁትን ሁሉ እንዲህ ነው እንዲያ ነው እያልኩ ነው የከረምኩት፤ አሁን ግን ሳይገባኝ መገመት ትቻለሁ።

«ስንት አንሶላ አለ ለነገ?» አለች።

«ብዙ።»

ሁለተኛውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

ረቡዕ

ፀሐይ ወጥታለች። ሁሉም ነገር ጣሪያ ላይ ነው። አክስቴ አልሄደችም፤ እስከ ሰኞ እቆያለሁ ብላለች። ሰኞ ግን የትኛው እንደሆነ አልተናገረችም። ከአሁኑ የመቆንጠጫዎቹን ቦታ ቀይራለች፣ የሳሙናውን ልክ ቀይራለች፣ መነጽሩን «ቤተሰቦችህ የት ናቸው?» ብላ ጠይቃዋለች፣ እኔን የማታ ትምህርት ቤት ልታስመዘግበኝ ወረፋ ይዛለች። አባዬ ተቀምጦ አንገትጌ ይሠራል፤ ጭኑን አላቃጠለም።

ጠዋት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ጉልበቱ ደህና እንደሆነ ነገረኝ። አሁን ግን አክስቴን ወደ ቤቷ የሚመልስ ቅመም ካለ እንድፈልግለት ጠይቆኛል። ደቃቁን ጭምር፣ እስከ መጨረሻው ድረስ እያነበብኩ ነው።